አሮጌ ፒክአፕ ቤት ውስጥ ማደስ፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ የሞዴል ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለጀማሪ የትኛው ፒክአፕ ይሻላል?

መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝለት። በዚህ መስፈርት ቶዮታ ሃይሉክስን የሚስተካከል የለም፤ በተለይ ከ1978 እስከ 1997 የተመረቱት ሦስት ትውልዶች። የቤንዚኖቹ 18አር (1,968 ሲሲ) እና 22አር (2,366 ሲሲ)፣ የናፍጣዎቹ 2ኤል (2,446 ሲሲ) እና 3ኤል (2,779 ሲሲ) ሞተሮች በየጋራዡ ይታወቃሉ። ፋሻም (የፒስተን ቀለበት) ሆነ ጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሲጠይቁ ሻጩ የሚፈልገው የሞተሩን ስም ብቻ ነው።

ላንድክሩዘር 45 (ኤፍጄ45፣ ኤችጄ45፣ ኤችጄ47) ከሁሉም ጠንካራው ነው። የሞተሩ እቃ ቢገኝም የካቢናውን ላሜራ፣ የበር ጎማና መስታወት ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዳትሰን 620 እና 720 ለመፍታት ቀላል ናቸው፤ እዚያም የሚያስቸግረው እቃው ነው። የፔጆ 404 ፒክአፕ የሚያምር መኪና ነው፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን አንመክረውም፤ አንዲት የፍሬን ጎሚኒ (የማሸጊያ ጎማ) ሥራውን ለወራት ልታቆመው ትችላለችና።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ ለሚለው፣ ለመማር ካርቡራተር ያለው ቤንዚን ይቀላል። ብልሽቱ በካንዴላ ቁልፍና በአንዲት የመሞከሪያ አምፖል ይገኛል። የናፍጣ ፖምፓ ግን በልዩ መሞከሪያ ማሽን ላይ ካልሆነ አይስተካከልም፤ ቤት ውስጥ መፍታት ማለት ማበላሸት ነው።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር?

መጀመሪያ ሊብሬውን ይዘው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ያመሳክሩ። ቶዮታ ላይ የሻንሲው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ የፊት ጎማው አካባቢ፣ ራሱ ሻንሲው ላይ ተመትቶ ይገኛል። ኮፈን ሥር የተለጠፈችው ሰሌዳ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፤ ከሌላ መኪና ተነቅላ ልትመጣ ትችላለች። በቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም የሞረድ ምልክት ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። የቀለሙም ዓይነት ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት።

ቀጥሎ ዝገት ነው። የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ መኪና የሚበላው ከዝናቡ ይልቅ ጭነቱ ነው፤ ማዳበሪያ፣ ጨውና የከብት ሽንት በጭነት ሳጥኑ ወለል ስንጥቅ እየገቡ ብረቱን ከታች ይጨርሱታል። የካቢናውን ምንጣፍ አንስተው ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ያንኳኩ፤ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ ነው። የበሮቹን የታች ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን ጎማ ሥር፣ ካቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ቦታዎችና ሻንሲው ከኋላ አክስል በላይ ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ በእጅ ይዳስሱ። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዘው በላሜራው ላይ ያሳልፉ፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ (ከቀለም በታች የሚለጠፍ መሙያ) አለ።

ሞተሩ ሲነሳ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱት፤ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው፤ ምክንያቱ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ነው። 2ኤል ሞተር አንዴ ከልክ በላይ ከሞቀ ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ስለሆነ ይህን ምርመራ ሳያደርጉ አይግዙ።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልጋል?

ለጃፓን መኪና ከ8 እስከ 19 ያሉ ቁልፎችና ቡሶላዎች ዘጠና በመቶውን ሥራ ይሠራሉ፤ በተለይ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሁለት ሁለት ይኑርዎት። ከዚህ ሌላ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቶርክ ቁልፍ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ ቴስተር፣ የኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ፣ የፍሬን ቱቦ ቁልፍ፣ ክሪክና አራት ጠንካራ የብረት ድጋፎች ያስፈልጋሉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ፤ በብሎኬት በተደገፈም ጭምር። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈነዳው።

ኮምፕሬሰር፣ የብየዳ ማሽንና የሞተር ማንሻ መግዛት አያስፈልግም። በዓመት ሁለቴ ለሚነካ መሣሪያ ገንዘብ ከማሰር ያንን ሥራ ጋራዥ ማሠራት ይረክሳል።

ሥራውን ከየት ልጀምር?

አብዛኛው ሰው ከቀለም ይጀምራል፤ ከዚያም ሞተሩን ሲያወጣ ይቧጥጠዋል፣ የፍሬን ዘይት ያፈስበታል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፍሬንና መሪ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣና ነዳጅ፣ ከዚያ ሞተርና ካምቢዮ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ ባትላሜራ (የላሜራ ሥራ)፣ በመጨረሻ ቀለም ነው። ገንዘብ በመሃል ቢያልቅ እንኳ የሚነዳና የሚቆም መኪና ይኖርዎታል።

ሲፈቱ እያንዳንዱን ክፍል ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቡሎኖቹን በየክፍላቸው በላስቲክ ከረጢት አድርገው ስም ይጻፉባቸው። የሚጣል አሮጌ እቃ አዲሱ ተገዝቶ እስኪገጠም ድረስ አይጣል፤ ናሙና የሚሆነው እሱ ነው።

የዛገ ቡሎን አልፈታ ካለ?

ጉልበት ከመጨመርዎ በፊት ጊዜ ይስጡት። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ዝገት የሚያላላ ዘይት (ከሌለም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል) ቀብተው ያሳድሩት። በማግሥቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት ያዙሩት። እምቢ ካለ ዳዶውን ብቻ በእሳት ያሙቁ፤ ቡሎኑ ሳይሞቅ ዳዶው ሲሰፋ ይለቃል። ከማሞቅዎ በፊት የቀቡት ነገር መድረቁን ያረጋግጡ፤ አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል። ከነዳጅ ታንክ፣ ከፍሬን ቱቦና ከጎማ ቦኮላ አጠገብ ደግሞ እሳት አይገባም።

ለትናንሽ የዛጉ ክፍሎች ኤሌክትሪክ ጥሩ ዘዴ ነው። በላስቲክ በርሜል ለ4 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ (አብያታ ሐይቅ ላይ ሲመረት የኖረው ማለት ነው) ይበጥብጡ፤ የዛገውን እቃ ከ12 ቮልት ቻርጀር ኔጌቲቭ፣ ተራ ቁራጭ ብረትን ከፖዘቲቭ ያያይዙ፤ ሁለቱ አይነካኩ። በአንድ ሌሊት ዝገቱ ይላቀቃል። የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) በፖዘቲቩ በኩል አይጠቀሙ፤ ውኃው ውስጥ መርዛማ ክሮም ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን፣ ከእሳት ይራቅ።

ለዓመታት የቆመ ሞተር እንዴት ይነሳል?

ባትሪ አምጥቶ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) መምታት ወይም መኪናውን መጎተት ትልቁ ጥፋት ነው፤ የተጣበቀ ፋሻ ይሰበራል፣ ሲሊንደር ይቧጨራል። ካንዴላዎቹን ይንቀሉ፣ በየሲሊንደሩ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ድብልቅ ያፍስሱና ሁለት ሦስት ቀን ይተዉት። ከዚያ ከፊት ባለው የፑሊ ቡሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብተው በእጅ ያዙሩት፤ እምቢ ካለ ይጨምሩበት፣ ይጠብቁ። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ችግር ከዞረ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ያፈሰሱት ናፍጣ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል።

ካንዴላዎቹ እንደተነቀሉ ሞተሪኖውን በመምታት የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ወይም ጌጁ እስኪነሳ ይጠብቁ። አሮጌውን ቤንዚን ሳይጠቀሙ በትንሽ ጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን ለፖምፓው ይስጡት። ካንዴላውን 0.8 ሚሊ ሜትር፣ በቶዮታዎቹ ፑንቲና (ዲስትሪቡተር ውስጥ ያለ ኮንታክት) ያለው ከሆነ ፑንቲናውን 0.45 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ። የ18አርም የ22አርም የማብሪያ (ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት) ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ከመነሳቱ በፊት የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው (2ኤልና 3ኤል) ቺንጋቸው ይቀየር፤ ለዓመታት የቆመ ጎማ በዓይን ታይቶ አይታመንም፣ ሲበጠስ ደግሞ ፒስተን ቫልቮላን ይመታል።

የነዳጅ ታንኩ ውስጡ ዝጓል፤ ይበየዳል ወይስ ይታጠባል?

የቤንዚን ታንክ አይበየድም። ባዶ የመሰለው ታንክ ከሙሉው የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። «በውኃ ታጥቧል» የሚል መልስም ለበያጁ ሕይወት ዋስትና አይሆንም።

ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ ታንኩን አውርደው ባዶ ያድርጉት፤ አንድ ሁለት እፍኝ ዳዶና ሮንዴላ ከትተው በሳሙና ውኃ ይነቅንቁ። ካለቀለቁ በኋላ ለ1 ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠው ሙሉውን ይሙሉና አንድ ቀን ያሳድሩ፤ ካልተገኘ አቼቶ ይሠራል፣ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ከዚያ ሶዳ አሽ በተበጠበጠበት ውኃ አሲዱን ያርክሱ፣ ያለቅልቁ፣ በቶሎ ያድርቁ። እርጥቡን ቢተዉት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደገና ቢጫ ዝገት ያወጣል፤ ስለዚህ እንደደረቀ ውስጡን በቀጭን ዘይት ያርሱት። ወደ ካርቡራተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ይግጠሙ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀሪው ዝገት እዚያ ይያዛል።

መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ አቅምም የለውም። ካርቡራተሩን ልቀይር?

አይቸኩሉ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ የሚገባውን አየር ቀንሶ ነዳጁን ግን ብዙም አይቀንስም፤ ውህዱ ይወፍራል። ጤነኛ አሮጌ ሞተርም እዚህ በፋብሪካ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም። ይህን ሳያውቁ ደህና ካርቡራተር የሚጥሉ ብዙዎች ናቸው።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ በዚህ አቧራ በቶሎ ይደፈናል። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። የተንሳፋፊውን መርፌ ይፈትሹ፤ ካለቀ ሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ያስተካክሉና ዋናውን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ በላይ አይቀንሱ። መኪናው ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይንኩት፤ የወፈረ ውህድ ነዳጅ ያባክናል፣ የሳሳ ውህድ ግን ቫልቮላና ፒስተን ያቃጥላል። ከጄቱ ይልቅ የማብሪያ ጊዜውን ከፋብሪካው ቁጥር ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ማስቀደም ብዙ ጊዜ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል፤ ዳገት ላይ ማንኳኳት ከተሰማ ይመልሱት።

ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ በዴራና በኢተያ ወደ አሰላ ሲወጣ ግን ይፈላል። ለምን?

ከክዳኑ ይጀምሩ። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ አዳማ ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ፣ አሰላ ላይ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግን የመፍያ ነጥቡን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ያ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል፤ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ በሚከፍት ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ለመፍላት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። ከሁሉም የሚረክሰው እቃ መጀመሪያ ይቀየር።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ራዲያተሩ ነው። ሲሞቅ ፊቱን በእጅ ከመዳሰስ ሞተሩን አጥፍተው በየቦታው በሙቀት መለኪያ ይለኩ፤ ቀዝቃዛ የሆነው ክፍል ተደፍኗል። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ዓመት ሙሉ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ታጥቦ ካልለቀቀ ክፍት ተደርጎ ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል ይሙሉ። የማራገቢያው ዙሪያ መከለያ ተነቅሎ ጠፍቶ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ያለ እሱ ማራገቢያው የሚስበው አየር በራዲያተሩ ሳይሆን በጎን ይገባል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ቴርሞስታቱ ሲከፍት የመመለሻውን መንገድ በሚዘጋባቸው ሞተሮች ላይ ከወጣ ትኩሱ ውኃ በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ ዳገት ላይ ይባስ ይሞቃል። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደር ይጨርሳል።

የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ዘይት ብቻ ብጨምር አይበቃም?

አይበቃም። የቀነሰ የፍሬን ዘይት ወይ ፈስሷል ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ሁለቱም መታየት አለባቸው። አራቱን ጎማ አውልቀው ታምቡሮቹን ይክፈቱ። በየጎማው ባለው ትንሽ ፖምፓ ላይ የጎሚኒውን ጠርዝ ገልጠው ይመልከቱ፤ እርጥብ ከሆነ ፖምፓው ይከፈት። የውስጡ ዝገት ላይ ላዩን ከሆነ በ600 የብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ጎሚኒ ይቀየርለታል፤ ጉድጓድ ካበጀ ሙሉው ይቀየር፤ አዲስ ጎሚኒ በጎደጎደ ብረት ላይ ወር አይቆይም። ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አልቋል። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አይንፉት፤ በውኃ አርሰው ይጥረጉት።

ዶት 3 ዘይት ይጠቀሙ። የሞተር ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት አንድ ጊዜ እንኳ ከገባ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ያብጣሉ፤ ከዋናው ፖምፓ እስከ መጨረሻው ቱቦ ሁሉም ይቀየራል። አየር ሲያወጡ ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ይጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ፍሬኑን እንደ ጭነቱ የሚያከፋፍል ቫልቮላ አለ፤ እሱም አየር ማውጫ ካለው ይውጣለት። ይህ ቫልቮላ ዝጎ ከተጣበቀ ኋላው ወይ አይዝም ወይ ባዶውን ይቆልፋል፤ ብዙ መካኒክ ምክንያቱን ሸራው ላይ ሲፈልግ ይውላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የሳበ ዘይት ከአሰላ ሲወርዱ ባለው ረጅም ቁልቁለት ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ቁልቁለቱንም በማርሽ ይውረዱት።

የበሰበሰ ላሜራ በስቱኮ መሙላት ይቻላል?

ቀዳዳ በስቱኮ አይሞላም። ስቱኮ ከኋላው እርጥበት ይይዛል፤ በሚቀጥለው ክረምት ቀለሙ ያብጣል፣ ቀዳዳውም ሰፍቶ ይወጣል። የበሰበሰው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ ይውጣ፤ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በልክ ተቆርጦ ይበየድ።

ለዚህ ውፍረት የዱላ ብየዳ አይሆንም፣ ይበሳዋል። በካርቦን ብየዳ የሚሠራው ረጅም ቦታ ስለሚያሞቅ ላሜራው ይጣመማል። ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው የሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ) ብየዳ ይሻላል፤ በየ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ በመሃል እያቀዘቀዙ። ከመበየዱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭና የዲናሞውን ሽቦ ይንቀሉ፣ የወንበሩን ስፖንጅና ምንጣፉን ያውጡ፣ ባልዲ ውኃ አጠገብ ይኑር። ብየዳው ካለቀ በኋላ ኢፖክሲ ቅብ፣ ከዚያ ለማስተካከያ ብቻ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስቱኮ። የውስጡ ገጽ መርሳት የለበትም፤ በበርና በደፍ ውስጥ ሰም ወይም ወፍራም ዘይት ይረጭ፤ የታች የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም ክፍት ይሁኑ።

ግቢ ውስጥ ቀለም መቀባት ይቻላል?

ይቻላል፤ የአዳማ ነፋስ ግን ፈተና ነው። ከተማዋ ዳር 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት ማለዳ ይቅቡ፤ ዙሪያውን በላስቲክ ይጋርዱ፣ መሬቱን በውኃ ያርጥቡ። ቅድመ ሥራው በብርጭቆ ወረቀት 80፣ 180፣ 320 በደረቁ፣ ከዚያ 600 በውኃ ነው። ስስ ሦስት እጅ ከወፍራም አንድ እጅ ይበልጣል፤ በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በሙቀቱ ምክንያት በዝግታ የሚተን ማቅጠኛ (ቲነር) ይጠቀሙ፤ ፈጣኑ ቀለሙ ላሜራውን ሳይነካ አየር ላይ ይደርቅና ገጹ ሻካራ ይሆናል።

ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለሁለት ክፍል ቀለም ከሆነ ግን ለጋራዥ ይተዉት። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን በቋሚነት ሊጎዳ፣ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛ አያቆመውም። ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን መርጨት አይገባም።

መብራቱ ይፈዛል፣ ሞተሪኖው አንዳንዴ ይመታል አንዳንዴ ዝም ይላል። ባትሪ ልግዛ?

መጀመሪያ ይለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ይህ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመሬት ሽቦው ነው። ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ሞተሪኖውን ያስመቱ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ከሞተር ወደ ሻንሲና ከሻንሲ ወደ ባትሪ ያሉት ሽቦዎች ጫፍ ዝገዋል ወይም ላልተዋል። ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ ቡሎን፣ በቃ።

የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ተተክቶ ካገኙ የዚያን መስመር ሽቦ ጫፍ እስከ ጫፍ ይከታተሉ፤ ፊውዙን ያቃጠለው ነገር አሁንም እዚያው አለ። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ስለሆኑ አምፖልም ሆነ ሞተሪኖ ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ኮምፕረሽን ስለካ ዝቅ ብሏል፤ ሞተሩ ይፈታ?

የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ለ22አር መደበኛው 171 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዝቅተኛው 142 ነው። አዳማ ላይ ግን ጤነኛ 22አር ከ140 እስከ 145 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። መጽሐፉን ብቻ የያዘ ሰው ደህና ሞተር ያስፈታል። ቁም ነገሩ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ በላይ መሆን የለበትም።

ሲለኩ ሞተሩ የሞቀ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉም የወጡ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ የተረገጠ ይሁን። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮላው ነው። ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ቫልቮላ ከማለትዎ በፊት ክፍተቱን ይለኩ፤ ለ22አር ሞተሩ እንደሞቀ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የጠበበ ማስወጫ ቫልቮላ ሳይዘጋ ቀርቶ የሞተር ሞት ሊያስመስል ይችላል፤ እርሳስ በሌለው ቤንዚን የቫልቮላ መቀመጫቸው ያልጠነከረ የጥንት ሞተሮች ደግሞ በዚህ በቶሎ ይጠቃሉ። የናፍጣ ሞተር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ የቤንዚኑን መለኪያ ይሰብራል፤ የራሱን ይጠቀሙ።

የ22አር ዘይት ውስጥ ውኃ ገብቷል። ጓርኒሲዮን ቀይሬም አልቆመም። ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ የታይሚንግ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ነው። ከ1983 ገደማ ወዲህ ያለው 22አር ባለአንድ ረድፍ ካቴናና የላስቲክ መምሪያ አለው። መምሪያው ሲሰበር ካቴናው እየተወዛወዘ የፊቱን ክዳን ይፍቃል፤ በመጨረሻ የውኃውን መንገድ ይበሳና ውኃው በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሲነሳ ከፊት ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ ኩርኩርታ ምልክቱ ነው። ካቴናው፣ መምሪያው፣ መወጠሪያውና ክዳኑ አብረው ይቀየሩ፤ መምሪያው ብረት ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ቴስታታው ከወረደ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከፊት፣ የዲስትሪቡተሩ ማዞሪያ ጥርስ ባለበት፣ የዘይት ኩሬ ሥር የተደበቀች አንዲት ቡሎን ቴስታታውን ከፊት ክዳኑ ጋር ታያይዛለች፤ እሷን ሳይፈቱ በብረት የሚፈነቅል ሰው ክዳኑን ይሰነጥቃል። ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ቴስታታው ላይ ጋድመው በስስ ብረት ይለኩ፤ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። ሲመለስ ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በመጨረሻ በ78 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ።

ሻንሲው ተሰንጥቋል፤ መበየድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን ስንጥቁ ላይ ብቻ ብየዳ መደርደር ስንጥቁን አጠገቡ ወዳለው ብረት ይወስደዋል። መጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ አግኝተው በ5 ሚሊ ሜትር ይብሱት፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ያቆመዋል። ስንጥቁ በቪ ቅርጽ ተሞርዶ፣ በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ ተበይዶ፣ ከተስተካከለ በኋላ ውፍረቱ ከሻንሲው የማይበልጥ (3 ሚሊ ሜትር ገደማ) መደገፊያ ይለበድበታል። የመደገፊያው ጫፎች ቀጥ ብለው ሳይሆን ሰያፍ ተቆርጠው ያልቁ፤ ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር አዲስ የመሰበሪያ ቦታ ይሆናል። የሻንሲው የላይና የታች ጠርዝ ላይ በአግድም አይበየድም።

ከዚያ በፊትና በኋላ ሰያፍ ርቀቶቹን በሜትር ይለኩ፤ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ያለው ከተቃራኒው ጋር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ሻንሲው ተጣሟል፤ ይህ ቤት ውስጥ የሚቃና አይደለም። ስንጥቁ መሪው ሳጥን የታሰረበት ቦታ ላይ ከሆነም ለባለሙያ ይስጡት።

መለዋወጫ ከየት ይገኛል?

የተለመደውን ፊልትሮ፣ ሸራና ቺንጋ አዳማ ውስጥ ያገኛሉ። ያገለገለ የካቢና ክፍል፣ ዲፈረንሻልና የቆየ የሞተር እቃ ሲሆን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ናሙና፣ የሻንሲውን ቁጥርና የእቃውን መለኪያ በሚሊ ሜትር ይዘው ይሂዱ። ኩሽኔታና ፓራኦሊ (የዘይት ማገጃ ጎማ) በመኪና ስም ሳይሆን ላያቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር ይገዛሉ። ያገለገለ ቴስታታ ሲገዙ መልሰው እንዲሰጡ ተስማምተው መጀመሪያ ቶርኖ ቤት በግፊት ያስፈትሹት።

የቤንዚኑን ሞተር አውጥቼ ናፍጣ ልግጠም?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ካከበደ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። በቴክኒክ የሚቀለው በአንድ ሃይሉክስ ትውልድ ውስጥ የነበረውን ሞተር መግጠም ነው፤ ለምሳሌ 18አር በነበረበት 22አር፣ 2ኤል በነበረበት 3ኤል። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ሲሄዱ ግን ሞተሩ ብቻ አይደለም የሚመጣው፦ የሞተር መቀመጫ፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን፣ ትልቅ ራዲያተር፣ የነዳጅ መመለሻ ቱቦ፣ የማሞቂያ ካንዴላ መስመር፣ ለፍሬን ሰርቮው የቫክዩም ፖምፓ፣ ክብደቱን የሚሸከም የፊት ባሌስትራ። የቫክዩሙ ፖምፓ ከተረሳ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

ከሁሉም በፊት ግን ወረቀቱ ይቅደም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ስላለ ለውጡ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መመዝገብ አለበት፤ ለዚህም የሞተሩ ሕጋዊ ግዥ ሰነድ ያስፈልጋል። ሰነድ የሌለው ሞተር ቢረክስም አይግዙ። ጽሕፈት ቤቱ የሚጠይቀውን ዝርዝር ሞተሩን ከማውጣትዎ በፊት ሄደው ይውሰዱ፤ አሮጌውንም ሞተር አዲሱ ተመዝግቦ ቦሎ እስኪወጣ ድረስ አይሽጡት።